ነፍስ በሚዛን ትገኛለችን?

ሰው ከሥጋው የምትለይ ነፍስ አለችውን? ይህን ጥያቄ በሚዛን ሊመልሱት የደከሙ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ አገር ዱንካን ማክዱጋል የሚባል ሐኪም፥ የሚያጣጥሩ ስድስት ሰዎችን በየተራ በሚዛን ላይ በቆመ አልጋ አስተኝቶ የሞታቸውን ሰዓት ጠበቀ፤ ያገኘውንም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1907 አሳተመ። የፊተኛው ሰው ሲሞት 21 ግራም ያህል ቀለለ። በቀሩት ግን ነገሩ እንዲሁ አልኾነም፤ የኹለቱንም ምርመራ ሐኪሙ ራሱ ከቍጥር አወጣው። ኾኖም ብዙ ሰው አምስቱን ረስቶ አንዱን ብቻ ይዞ፥ ነፍስ 21 ግራም ትመዝናለች እያለ እስከ ዛሬ ያወራል።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የቆመውን ልብ መልሰው ማስመታት ቻሉ። ከዳኑትም አንዳንዶቹ ብርሃን አየን፥ ሥጋችንን ከላይ ኾነን ተመለከትን ይላሉ። በሆላንድ አገር ፒም ቫን ሎመልና ባልንጀሮቹ 344 ሰዎችን መርምረው በ2001 ሲያሳትሙ፥ እንዲህ ያለ ነገር የተናገሩት 62 ነበሩ። ሳም ፓርኒያ የሚባል ሐኪም ደግሞ ከባልንጀሮቹ ጋር፥ ከላይ ኾኖ ለሚያይ ብቻ የሚታዩ ሥዕሎችን በሆስፒታሎች ውስጥ በመደርደሪያ ላይ አኖረ። በ2014 በወጣው ጽሑፋቸው፥ አንድ ሰው ልቡ ቆሞ ሳለ የተደረገለትን በትክክል እንደ ተናገረ ተጻፈ፤ ነገር ግን የተኛበት ስፍራ መደርደሪያው የሌለበት ነበረ። ሥዕሎቹን ያየ አልተገኘም። በ2013ም በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፥ የአይጦች ልብ ከቆመ በኋላ አንጎላቸው ለጥቂት ሰኮንድ በብርቱ ሲሠራ ታየ። ነገር ግን አይጥን ምን አየሽ ብሎ የሚጠይቃት ማን ነው?

እንግዲህ አንዱ፥ ሳይንስ ነፍስ መኖርዋን አረጋገጠ ይላል፤ ሌላውም፥ ነፍስ እንደሌለች አሳየ ይላል። ኹለቱም ምስክሩ ከተናገረው አልፈው ይናገራሉ። ከወንዙ ዳር የተመለሰ ሰው ስለ ወንዙ ዳር ይመሰክራል፤ ማዶውን ግን ገና አልረገጠም።

የምታምን ወንድሜ ሆይ፥ ስለ እውነት ብሎ መዋሸትም ውሸት ነው። 21 ግራሙን ለተማሪ እንደ ማስረጃ ብትነግረው፥ የአምስቱን ታሪክ ባነበበ ቀን ከሚዛኑ ጋር እምነቱንም ይጥላል። የማታምነውም ሆይ፥ ያልተመዘነውን ኹሉ የለም አትበል። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ጎረቤትህ ያየውን ቢነግርህ፥ አትሣቅበት፤ ነገሩንም ለክርክር አትሸጠው፤ በትዕግሥት ስማው። የሚያጣጥረውንም ሰው እጁን ይዘህ አጠገቡ ተቀመጥ፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው የሚመዝነው ሰው አይደለምና።