ስለ መሰረዝና ስለ መርሳት

ሰው በቍጣ ሰዓት የጻፈውን መልእክት፣ ቍጣው ከበረደለት በኋላ በስልኩ ላይ ጣቱን አሳርፎ «አጥፋ» ብሎ ባዘዘ ጊዜ፣ ቃሉ ከዓይን መሰወሩን እንጂ ከዓለም መጥፋቱን የሚያረጋግጥለት የለም። የመልእክት መለዋወጫዎችን የሚሠሩና የሚጠብቁ ባለሙያዎች እንደሚያውቁት፣ በብዙ ዳታቤዝ ዘንድ መሰረዝ ማለት ቃሉ በተመዘገበበት ረድፍ የተሰረዘበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ ብቻ ነው፤ ቃሉ በነበረበት ይቀመጣል፣ መተግበሪያውም ምልክቱን እያየ ለአንባቢ ሳያሳይ ያልፈዋል። ምክንያት አይታጣለትም፤ በስሕተት የጠፋው ይመለስ ዘንድ፣ ተሰደብሁ ብሎ የሚከስም ማስረጃ ያገኝ ዘንድ ነው። በእውነት የተደመሰሰውም ቢሆን በመጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ ይሰነብታል።

የቀድሞ ጸሐፍት በብራና ላይ የመጽሐፉን ባለቤት ስም ለመለወጥ በሻቱ ጊዜ ቀለሙን በስለት ይፍቁት ነበር፤ የሻከረውም ስፍራ በዚህ ሌላ ስም እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2017 የላኩትን መልእክት ከተቀባዩም ስልክ ማጥፋትን ሲፈቅድ፣ በመልእክቱ ፈንታ መሰረዙን የሚናገር መስመር መተዉ እንደዚህ ያለ ፍቀት ነው፤ ቴሌግራም ግን ምልክት እንኳ አያስቀርም። ለእኔ ጠባሳውን የሚተወው ይሻለኛል፤ ሰው ያነበበውን አላነበብህም ማለት ሐሰት ነውና።

ቃል ከአንደበት ከወጣ በኋላ የሰሚውም ገንዘብ ስለሚሆን፣ ተናጋሪው ይቅር በለኝ ይላል እንጂ ርሳ ብሎ ማዘዝ አይቻለውም። በመካከል ቆሞ መልእክቱን የሚጠብቀው ኩባንያ ግን ተናጋሪም ሰሚም አይደለም፤ በእጁ ያለው አደራ ነው። የንስሐ አባትም የሰማውን ኃጢአት እንዳይገልጥ ሥርዓት ያስረዋል፤ ቢያስታውሰው እንኳ ልቡናውን ሰብሮ የሚሰርቅ የለም። ሰርቨር ግን ይሰረቃል፣ ከነኩባንያው ይሸጣል፣ በዳኛ ትእዛዝም ይከፈታል፤ ስለዚህ ለካህኑ የበቃው ዝምታ ለእርሱ አይበቃውም።

ሊቃውንት እግዚአብሔር ኃጢአትን አያስብም ሲሉ፣ ዕውቀቱ ጎደለ ማለታቸው ሳይሆን አይቈጥርብንም ማለታቸው ነው፤ ሁሉን እያወቁ አለመቍጠር ግን የአምላክ እንጂ የፍጡር ግብር አይደለም። በረድፉ የመሰረዝ ምልክት ብቻ አኑሮ ቃሉን ለዘላለም የሚያስቀምጥ ኩባንያ፣ ይህን ግብር ሳይሰጠው የወሰደ ይመስለኛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የመረጃ ጥበቃ ሕግ በ17ኛው አንቀጽ ለሰው ስለ እርሱ የተመዘገበውን የማስደምሰስ መብት ሲሰጥ፣ ለክርክር የሚያስፈልገውን ግን ለይቶ አስቀርቷል። እኔም ከዚህ አልርቅም፤ ለመጸጸቻ የሚሆን ጥቂት ሳምንት ይሰጥ፣ ክስ የተነሣበትም መልእክት ፍርዱ እስኪያልቅ ይቈይ፤ የቀረው ረድፍ ግን ከነመጠባበቂያ ቅጂው ይደምሰስ።