እንቁላሉን ማን ታቀፈው? «ቀስ በቀስ» በጣና ደሴቶች

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረትና ምሳሌ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ከልጅነት እስከ እርጅና የሚሰማ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የቸኮለን ለማብረድ፣ ሥራ የከበደበትን ለማጽናናት ወይም ገና ላልደረሰ ነገር ተስፋ ለመስጠት ነው። እግር የሌለው፣ ቢገፉት ተንከባልሎ የሚሰበር እንቁላል ጊዜ ሲሰጠው ጫጩት ሆኖ ይሄዳልና፣ አባባሉ ላይ ላዩን ሲታይ የትዕግሥት ውዳሴ ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌው ስለ መሄድ የሚናገር በመሆኑ፣ መሄድ ለከበደው ሰውና አብሮት ለሚጓዝ የትዳር ጓደኛው ሲነገር ምን ያህል እንደሚያጸና መመርመር ይገባል፤ ለምርመራውም ባልና ሚስት ለዕረፍትም ለበረከትም የሚሄዱባቸው የጣና ሐይቅ ደሴቶች ሁነኛ መፈተኛ ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተካሄደው ግጭት የጣናን ጉዞ ለማንም ሰው እንዳከበደው አይካድም፤ በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ግን በክራንች ለሚሄድ ወይም በዊልቸር፣ ማለትም በሚሽከረከር ወንበር፣ ለሚንቀሳቀስ ሰው የመጀመሪያው ፈተና የሚጀምረው ደሴቱ ላይ ሳይሆን በጀልባው ጠርዝና በማረፊያው ድንጋይ መካከል ነው። የሐይቁ ውኃ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከፍ ብሎ፣ በጋው ሲገፋ እየወረደ ስለሚሄድ፣ በጥቅምት በአንድ እርምጃ የሚታለፈው ክፍተት በግንቦት ወደ ታች ወይም ወደ ላይ መዝለልን ሊጠይቅ ይችላል፤ ጀልባው ደግሞ በማዕበሉ ስለሚወዛወዝ፣ ሁለቱም እግሮቹ የሚታዘዙለት ተሳፋሪ እንኳ የሰው እጅ መያዙ አይቀርም። ከዚያ በኋላ መንገዱ አለ። በዘጌ ልሳነ ምድር፣ ማለትም በሦስት ጎኑ በውኃ በተከበበው መሬት፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚያወጣው በቡና ደን ውስጥ የሚያልፍ የድንጋይና የሥር መንገድ ሳይቸገር ለሚራመድ ሰው ከሩብ ሰዓት አያንስም፤ ዊልቸር ግን ብዙም ሳይርቅ ይቆምበታል። እዚህ ላይ ቀስ ማለት ብቻውን የሚፈይደው ነገር የለም፤ ደረጃ በትዕግሥት ዝቅ አይልም፣ ድንጋይም በመጠበቅ አይለሰልስም።

የምሳሌው ጥልቀት የሚገለጠው፣ አባባሉ ዝም ብሎ ያለፈው ነገር ሲታሰብ ነው። እንቁላል በጊዜ ብዛት ብቻ እግር አያወጣም፤ ማንም ሳይታቀፈው ከቆየ ይገለማል። ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ያህል ታቅፋው ትቀመጣለች፣ በሰውነቷ ታሞቀዋለች፣ ሙቀቱ በሁሉም ጎኑ እንዲዳረስ በመንቁሯ እያገላበጠች ትጠብቀዋለች፤ ለራሷ መኖ የምትነሣውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ «ቀስ በቀስ» የተባለው ጊዜ ባዶ ጊዜ ሳይሆን የሥራ ጊዜ ነው፤ አባባሉን ለተቸገረ ሰው የሚመክርም ሁሉ የታቃፊዋ ድርሻ የማን እንደሆነ አብሮ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የትዳር ጓደኛ ከዚህ ሥራ የሚበዛውን እንደሚይዝ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ምሳሌው የሚያሳስተው እዚሁ ላይ ነው። እንቁላል አሳብ የለውም፣ የሚመርጠውም ነገር የለም፤ መራመድ የከበደው ባል ወይም ሚስት ግን የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚይዘው፣ መቼ «በቃኝ» እንደሚል የሚወስን ሙሉ ሰው ነውና፣ ሳይጠየቅ በአራት ጎልማሶች ትከሻ ቢወጣ ዳገቱ ላይ ቢደርስም ክብሩ ከታች ይቀራል። በተጨማሪም እንቁላሉ በመጨረሻ ይሄዳል፤ ብዙ የአካል ጉዳት ግን በመቆየት አይሽርም፤ «ይደርሳል» እየተባለ የሚጠበቅ ሰው አሁን ባለው አካሉ ሊደሰትበት የሚችለውን ቀን ያጣል። ከዚህ አንጻር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ፣ ካህናትና ምእመናን ረጅሙን ሥርዓት ቆመው ሲያደርሱ የሚደገፉበት ዘንግ፣ ትልቅ ነገር ያስተምራል፤ እግር እንደሚደክም አስቀድሞ ታውቆ ድጋፉ ለሁሉም ስለ ተሰጠ፣ በመቋሚያ የተደገፈ ሰው ሲያፍር አይታይም።

ለባልና ሚስቱ የሚቀረው የራሳቸው ብልሃት ጥቂት አይደለም። ጣና ከሰዓት በኋላ በነፋስ ስለሚናወጥ ማለዳ መነሣት ይበጃል፤ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር በጋራ ከመሳፈር ይልቅም ጀልባን ለብቻ መከራየት፣ ዋጋው ቢከብድም፣ የሌላው ሰው ሰዓት እንዳያዋክባቸው ያደርጋል። በደቅ ደሴት ላይ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ከባሕር ዳር በጀልባ የሰዓታት መንገድ ቢሆንም ከውኃው ዳር ብዙም ስለማይርቅ፣ ቅርብ ከሚመስለው ከዘጌ ዳገት ይልቅ ሊቀል ይችላል፤ ለእንዲህ ዓይነት ተጓዥ ርቀት የሚለካው በውኃው ሳይሆን ከውኃው በኋላ ባለው እርምጃ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስለሆኑ፣ ባሏን የምትደግፍ ሚስት ከማረፊያው ላይ ትቀራለች፤ የእርሷን ቦታ የሚተካ ወንድ ካልታሰበ ባልየውም አብሯት መቅረቱ ነው። ይህ አስቀድሞ በቤት የሚነጋገሩበት ጉዳይ እንጂ ጀልባው ከተጠጋ በኋላ የሚፈታ አይደለም።

የቀረው ድርሻ ግን የሁለቱ አይደለም፤ በእነርሱ ላይ መጫኑም ፍትሕ አይሆንም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ የቱሪዝም አገልግሎትን፣ በተቻለ መጠንም የባህል ቅርሶችን፣ ተደራሽ ማድረግን ይጠይቃል፤ ተደራሽነት ሲባል አካል ጉዳተኛው እንደማንኛውም ሰው ገብቶ ሊጠቀምበት መቻሉ ነው። የገዳማቱን ጥንታዊ ደጃፍ ማፍረስ ማንም አይመኝም፤ የጀልባ ማረፊያው ግን ቅርስ አይደለም። ከውኃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ መድረክና እጅ መያዣ ያለው ሰፊ መሸጋገሪያ የባሕር ዳር ብረት ሠራተኞች ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው። ራምፕ የሚባለው ደረጃ አልባ መወጣጫም ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ስለሚፈልግ፣ ከማረፊያው አጠገብ ያለው መሬት በሱቆች ከመያዙ በፊት ቦታው ሊከለልለት ይገባል።