ከስሙ በፊት ውሃውን ጠይቁ

ልጆቼ፣ ቤት ተከራይቶ መማር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። 9ኛ ክፍል ስትገቡ መሐል ሜዳም ይሁን ሞላሌ፣ ራቤልም ይሁን ዓለም ከተማ፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ሆናችሁ ተከራይታችኋል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግር ወደ ቤት፣ እሑድ ማታ ደግሞ እንጀራና ሽሮ፣ ቆሎና በሶ ተሸክሞ መመለስ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግትና ቀሪው ሁለት ቀን በበሶ ይገፋል። ውሃ ማን ይቅዳ፣ መብራቱ መቼ ይጥፋ እየተባባላችሁ ተጣልታችሁ ታርቃችኋል። የት ተኝቶ፣ ምን በልቶ፣ በማን መብራት ማጥናት ውጤትን እንደሚያነሣና እንደሚጥል ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስትሞሉ ግን ይህን ዕውቀት ትተዉትና ስም ትመርጣላችሁ። ለዓመታት ሳስተምር ከብዙ ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ምርጫ ሞልቻለሁ። ሁሉም የሚጠይቁኝ «የትኛው ይበልጣል?» ብለው ነው። «ዶርሙ ውሃ አለው ወይ?» ያለኝ ልጅ አላስታውስም።

እዚህ የደረሳችሁበትን መንገድ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ የውጤቱን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ። በዚህ መሐል በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋና ስንት መንገድ እንደተቋረጠ እናንተው ኖራችሁበታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ የመጣ ልጅ ምርጫውን በአንድ ምሽት ወሬ ሲሞላ ማየት ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ መንገዱን አስቡ። የመንዝ ልጅ ደብረ ብርሃንን ይንቃል። «እዚያማ ቤቴ በለው» ይላል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመሩት አንዱ ነው፤ በአስራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስም አለው። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ቋንቋውን ታውቁታላችሁ፣ ወንድማችሁ በጣርማበር በኩል በሶ ይልክላችኋል። በእኔ ግምት ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያው ዓመት ጉልበታችሁ በሙሉ ለትምህርቱ ይቀራል ማለት ነው። ለመርሐቤቴ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካርታ ላይ ደብረ ብርሃን ቅርቡ ይመስላል፤ አውቶቡሱ ግን ጀማን ወርዶ፣ ለሚን ወጥቶ፣ በሙከጡሪ አድርጎ አዲስ አበባ ነው የሚገባው። የግሼ ልጅ ደግሞ ወረዳው ከደቡብ ወሎ ጋር ስለሚዋሰን ወደ ወሎ በኩልም ማሰብ አለበት። ስለዚህ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፤ እናታችሁ ብትታመም በየትኛው መኪና፣ በስንት ቀን፣ ስንት ቦታ አድራችሁ እንደምትደርሱ ቁጠሩ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በፈተናው ሰሞን ያያችሁትን ግቢ እንደምታውቁት ታስባላችሁ። ያኔ ያደራችሁበት ዶርም ነባሮቹ ተማሪዎች የለቀቁት ነው። ኅዳር ላይ፣ ሁሉም ተማሪ ገብቶ፣ የቧንቧው ውሃ ሁለት ቀን ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አላያችሁትም።

ስሙን ስትጽፉ ደግሞ ግቢውን ለዩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ነው፤ ምህንድስና ያለው ኮምቦልቻ ነው፣ የአየሩም ነገር ፈጽሞ አይገናኝም። ባሕር ዳር ስትሉ ፔዳ፣ ፖሊና ዘንዘልማ የተለያዩ ሰፈሮች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ ነው፤ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ጥቁር አንበሳ እያለ የእንስሳት ሕክምናው ቢሾፍቱ ይገኛል። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የራሱን የመግቢያ ፈተና ያዘጋጃል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው መግቢያ ፈተና ስላላቸው፣ እነሱን የምትፈልጉ የምዝገባው ቀን እንዳያመልጣችሁ ከወዲሁ ተከታተሉ።

የትምህርት ክፍሉ ነገር ከስሙ ሁሉ ይበልጣል። አንደኛ ዓመት ፍሬሽማን ሆናችሁ የጋራ ኮርስ ትወስዳላችሁ፤ ዲፓርትመንት የምትመርጡት ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ካለው ነው። ፋርማሲ የሚመኝ ልጅ ፋርማሲ የሌለበት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዓመቱን ሙሉ ቢሠቃይ ማን ይረዳዋል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ካስፈተናቸው ስንቱን እንዳሳለፈ ጠይቁ። ከዚህ የተሻለ ማወዳደሪያ አላውቅም።

ቆላ ለሚደርሳችሁ አንድ ነገር ልበል። ሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ሲሆን መሐል ሜዳ ከ3,000 ይበልጣል። ከጀማ ቆላ የመጣ ልጅ ወባን ያውቃታል፤ የመንዝ ደጋ ልጅ ግን ትኩሳቱን ጉንፋን ነው ብሎ ዶርም ውስጥ ተሸፋፍኖ ይተኛል። አትተኙ። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት የግቢው ክሊኒክ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ፣ አጎበሩንም ከመጀመሪያው ሌሊት ዘርጉት።

አሁን ወደ ዶርሙ ልግባ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መኝታና ምግብ ይሰጣል፤ ነፃ ግን አይደለም። የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሙ የመኝታና የምግቡ ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ትከፍሉታላችሁ። ስለዚህ የምትከፍሉበትን ነገር ተጠቀሙበት። ካፌ መብላት የማይፈልግ ነን-ካፌ ሆኖ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይወስዳል። ለአንድ ተማሪ በቀን 22 ብር ይመደብ የነበረው ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ብሩ በእጅ ሲገባ ብዙ ይመስላል። ግቢው በር ላይ አንድ በያይነቱ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁና በሦስት አባዙት። እኔ የምመክራችሁ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ካፌ እንድትበሉ ነው። ሽሮው ቀጥኖ፣ ዳቦው ደርቆ ይሆናል፤ ነገር ግን ወር መጨረሻ ላይ ማንም ጾሙን አያድርም፣ ማንም ወደ አባቱ ስልክ ደውሎ «በግ ሽጥልኝ» አይልም።

ዘመድ ቤት መኖርን በተመለከተ የምነግራችሁ ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ነው። ከሞላሌ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። አዲስ አበባ ደረሳት፤ አጎቷ እዚያ ይኖራል። «ዘመድ እያለሽ ዶርም ምን ያደርግልሻል?» ያልኳት እኔ ነኝ። አጎቷ ደግ ሰው ነው፣ ሚስቱም እንዲሁ። ግን ዘመድ ቤት የሚኖር ልጅ እንግዳም አይደል፣ የቤት ልጅም አይደል። እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች፣ ሕፃናቱን ከትምህርት ቤት ትመልሳለች፣ ዩኒፎርማቸውን ታጥባለች። ማንም አላዘዛትም፤ ሰው ሲሠራ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን አስተዳደጓ አልፈቀደላትም። ጠዋት ሁለት ታክሲ፣ ማታ ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ደብተሯን የምትገልጠው ቤተሰቡ ሲተኛ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ፣ ጋቢ ተከናንባ በስልኳ መብራት ነበር። ክረምት መጥታ ውጤቷን ስታሳየኝ አንገቷን ደፋች። አንገት መድፋት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ዶርም ገባች። ስድስት ሆነው በድርብ አልጋ ይተኛሉ፤ ልብሷ አንዲት ጠባብ ሎከር ውስጥ ነው። ውሃ ሲጠፋ ከምድር ቤት በጀሪካን ሦስት ፎቅ ታወጣለች። ሆኖም ማታ አምስት ሰዓት ከላይብረሪ ስትመለስ የሚጠብቃት ሥራ የለም፤ ያቃታትን ሒሳብ ደግሞ ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ልጅ ታስረዳታለች። እሑድ እሑድ አጎቷን ትጠይቃለች፤ ያኔ እንደ እንግዳ ቡናው ለእሷ ይፈላላታል። ስለዚህ ዶርም ከተሰጣችሁ ዶርም ግቡ፣ በተለይ እናንተ ሴቶች ልጆቼ። ከግቢ ውጪ ቤት መከራየት ማለት በምሽት ከላይብረሪ ብቻችሁን መውጣት ማለት ነው፤ ያን ፈርታችሁ በጊዜ ከገባችሁ ደግሞ ማጥኛችሁ ያጥራል።

የግል ኮሌጅ የምትገቡ ኪራዩ አይቀርላችሁም። ከመመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁ በዚያ ትምህርት ዘርፍ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። በመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ከመንግሥት ተቋማት 62 ከመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ አባታችሁ በሬ ሸጠው ከመክፈላቸው በፊት ይህን ይወቁ። ቤት ስትከራዩ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል፤ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅም ይከለክላል። ደላላው ይህን አይነግራችሁም። ደባል የምትይዙትንም ሰው ከገንዘቡ በፊት ጠባዩን ተመልከቱ።

አሁን ስልካችሁን አንሡና ከወረዳችሁ ወጥቶ የምትመርጡት ግቢ ውስጥ ለሚማር ልጅ ደውሉ። «እንዴት ነው?» ብቻ ብትሉት «አሪፍ ነው» ይላችኋል። በሳምንት ስንት ቀን ውሃ ይመጣል? ዶርም ውስጥ ስንት ናችሁ? ላይብረሪው በስንት ሰዓት ይዘጋል? ባለፈው ሴሚስተር ክሊኒኩ መድኃኒት ነበረው? በጾም ካፌው ምን ያቀርባል? ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት በየት በኩል ገባህ? እንዲህ ስትጠይቁት እሱም ቆም ብሎ ያስብና እውነቱን ይነግራችኋል። ከአንድ ሰውም አትስሙ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጠይቁ፣ የሚያድሩበት ሕንፃ የተለያየ ነውና።

ምደባው ሲወጣ ለጓዛችሁ ቁልፍ፣ አንሶላ፣ ባልዲና የበሶ ዱቄት ይበቃችኋል። ባናው እንደ ቦታው ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ ከደረሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥቅምት ላይ የሌላ አገር ልጆች በብርድ ሲንቀጠቀጡ እናንተ ታካፍሏቸዋላችሁ። ሰመራ ከደረሳችሁ ግን እቤት ተዉት። እናታችሁ ሱፉን ራሳቸው ፈትለው ያሠሩት ስለሆነ ቅር ይላቸዋል፤ «ክረምት ስመጣ እለብሰዋለሁ» በሏቸውና አልጋው ላይ አጥፋችሁ አስቀምጡላቸው።