ዕድራችን ለሞተ ብቻ ነውን?



ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን ከሐዘንተኛው ጋር እንቀመጣለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያው ሰው በሕይወት ሳለ ጾሙን ሲያድር ማን ጠየቀው?

በመሐል ሜዳም ሆነ በደብረ ብርሃን ዕድር የሚደርሰው መዋጮውን ለከፈለ ነው። ከሁሉ የደኸየው ግን መክፈል ያቃተው ነው። እንግዲህ መረዳዳታችን እጅግ የተቸገረውን ከደጅ ያስቀረዋል ማለት ነው። «ያለ መዋጮ ዕድር አይቆምም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም በሰንበቴ ተረኛው ባመጣው ዳቦና ጠላ የኔ ቢጤውም ይቀምሳል፤ «ስንት ከፈልህ?» አይባልም።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፣ ረኀብ የጎዳቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት እኒህ እናት ሲጀምሩ ድርጅትም መዋጮም አልነበራቸውም።

ስለዚህ እኛ ወጣቶች በየዕድራችን ይህን እንጠይቅ፦ ከመዋጮው ጥቂት ለቁም ችግር ይመደብ፤ መክፈል ያቃተውም ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት ቤቱ ይጎብኝ። ለሬሳው የምንሰጠው ክብር እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ሰውየው በቁሙ ሳለ ነውና።