ለጦጣ የሚሰጥ ኦቾሎኒ ምጽዋት ነውን?

ወደ ሐዋሳ የመጣ እንግዳ አሞራ ገደልን ሳያይ አይመለስም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቦታው በስፋቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም በአንድ ወገን አሮጌ ዋርካዎች ጥላቸውን ዘርግተውበታል፤ በሌላው ወገን፣ ሐይቁ ከየብስ በሚገናኝበት፣ በቄጠማው መካከል የውሃ አዕዋፍ ይርመሰመሳሉ። ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲመለሱ አባ ኮዳ ራሰ በራውን አንገቱ ውስጥ ቀብሮ የሚጣልለትን የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃል። ጦጣዎች ከዛፍ ይወርዳሉ፤ ጎብኚውም ኦቾሎኒ ገዝቶ ያበላቸዋል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል።

ይህ አድራጎት ደግነት ነውን? ጥያቄው ለአንዳንዱ ቁም ነገር ላይመስል ይችላል። ለካቴኪስቶች ግን ይጠቅማል ብለን እናምናለን፤ ሕፃን ስለ መስጠት የሚማረው በቁምስናው አዳራሽ ብቻ አይደለምና።

በዚያው ዛፍ ላይ የሚኖረውን ጉሬዛ እንመልከት። ጉሬዛ በአብዛኛው ቅጠል በል ነው። ሆዱ እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተለየ ሲሆን፣ በውስጡ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት ቅጠሉን ያብላሉለታል። ዳቦና ጣፋጭ ነገር ይህን ሥርዓት ያውከዋል። ጦጣ ያገኘውን ሁሉ ስለሚበላ በኦቾሎኒው ላይታመም ይችላል፤ ነገር ግን የሰውን እጅ ማየት ከለመደ በኋላ መንጠቅና መንከስ ይጀምራል፤ በመጨረሻም በድንጋይ የሚባረረው እርሱው ነው። ያን ጊዜ ያበላው እንግዳ ወደ አገሩ ተመልሷል።

«ታዲያ እንስሳው እጄን እያየ ዝም ልበለውን?» የሚል ይኖራል። ስሜቱ ክፉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2416 ለእንስሳት ርኅራኄ እንደሚገባቸው ያስተምራል፤ የአሲዚውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስንና ቅዱስ ፊልጶስ ኔሪንም ያስታውሰናል። ይሁን እንጂ ርኅራኄና መመገብ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ለሰው የተሰጠው አደራ ገነትን ማልማትና መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ እጅን መሰብሰብን ይጠይቃል። ኦቾሎኒው የተቋጠረበት ፌስታል እንኳ ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ ይገባል። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃን የመሰለ ገባር ወንዝ አለው እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ነፋስ ወደ ቄጠማው የወሰደው ፌስታል እዚያው ይቀራል።

ይኸው ትምህርተ ክርስቶስ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በቁጥር 2418፣ የሰውን ችግር ለማቃለል በቅድሚያ ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማዋል እንደማይገባ ይናገራል። በዚህ አንቀጽ ላይ ከአሞራ ገደል የተሻለ የመማሪያ ስፍራ አናውቅም፤ ኦቾሎኒውን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሕፃን ነውና። ጎብኚው ዓይኑን ከጦጣው ሳያነሣ ብሩን ያቀብለዋል። ካቴኪስቶች ልጆችን ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ከዛፎቹ ሥር ከመድረሳችሁ በፊት የዚያን ሕፃን ስም ጠይቁት፤ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደሆነም ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁት።