ደብተሩ የማን ነው?



ቤት ያደሰ ሰው ሁሉ አንድ ደብተር አያጣም። በተለይ በሰሚት፣ በአያት ወይም በቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሥራው በ1996 ዓ.ል ገደማ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎች የተረከቡት ቤት ወለሉ ሸካራ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ቀለም ያልነካው፣ የውስጥ በር የሌለው ነው። ከቁልፍ ርክክብ በኋላ ያለው የባለቤቱ ፋንታ ነው፤ ሴራሚኩ፣ ጂፕሰሙ፣ በሩ፣ ቧንቧው። አሳንሰር ስለሌለ አሸዋው አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው በሰው ጀርባ ነው።

እኔም ደብተር ገዛሁ። ማታ ማታ ከመግሪብ በኋላ ተቀምጬ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደገባ፣ ስንት ሴራሚክ እንደተሰበረ፣ ለማን ቀብድ እንደሰጠሁ እጽፋለሁ። ልጄ ደግሞ የሥራውን ደረጃ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ለዘመድ ይልካል። (ስለ ፎቶው ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ምስጋናና ይዩልኝ ሲቀላቀሉ መለየት ይቸግራልና። ለሌላ ቀን ይቆየን።) ሥራው ሲያልቅ ደመርኩት። ሳንቲም አልጎደለም። በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ ዐይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ። «አሸዋ ማውጣት፣ ሴት 2» ይላል፤ ከጎኑ የተጻፈው ክፍያ ግን የአንዷ ብቻ ነው። ትዝ አለኝ። ሁለተኛዋ ያን ዕለት ሆዷን አሟት ቀትር ላይ አቋርጣ ሄደች። ነገ ስትመጣ እከፍላታለሁ አልኩ። አልመጣችም፤ እኔም ረሳሁ። ስሟ ማን ነው? የሴራሚኩን ቀለምና ቁጥር ጽፌያለሁ፣ የሱቁን ስም ጽፌያለሁ፣ የእርሷን ስም ግን አልጻፍኩም። ያመጣትን ግንበኛ ብጠይቀው «ቀን ሠራተኛ ናት ኡስታዝ፣ አሁን የት እንዳለች በምን ዐውቃለሁ?» አለኝ።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ይህን ሁሉ የመዘገበ ሰው ሐቀኛ ነው ይባላልን? ደብተሬ አልዋሸም። ነገር ግን የጻፍኩት እኔ እንዳልታለል ነበር። ነጋዴው እንዳያጭበረብረኝ፣ ግንበኛው ሲሚንቶ እንዳያሸሽብኝ። ማንን በድዬ ይሆን ብዬ የጻፍኩት አንድም መስመር የለም።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ነው። ሒሳብ መያዝን ስንመክር ዘወትር እርሱን እንጠቅሳለን። የሚያስጽፈው ማን እንደሆነ ግን ልብ ብለን እናውቃለን? አንቀጹ ቃሉን የሰጠው ለአበዳሪው አይደለም። ሐቅ ላለበት ሰው ነው፤ እርሱ አላህን ፈርቶ፣ ምንም ሳያጎድል እንዲያስጽፍ ታዘዘ። ይህን ለደረሶቼ ስንት ጊዜ ተርጉሜያለሁ! በገዛ ቤቴ ግን ደብተሩን ገልብጬ ያዝኩት።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቋጥኝ ዋሻ ውስጥ ስለዘጋባቸው ሦስት ሰዎች ነግረውናል። ከሦስቱ አንዱ ወደ አላህ ያቀረበው ሥራ ምን ነበር? ደመወዙን ትቶ የሄደ ሠራተኛን ሐቅ ጠብቆ፣ አባዝቶ፣ ከጊዜ በኋላ ሲመጣ ከነመንጋው ማስረከቡ። ደብተር መያዙን ሐዲሱ አይነግረንም። ሰውየውን ግን አልረሳውም።

አንድ ወዳጄ «የግማሽ ቀን ደመወዝ ነው፤ በስሟ ሰደቃ ስጥና ተገላገል» አለኝ። እርግጥ ዑለሞች ባለቤቱ ካልተገኘ ይህን ፈቅደዋል። የፈቀዱት ግን ፈልጎ ላጣ ሰው ነው፤ ባለቤቱ በኋላ ቢመጣም ገንዘቡን የመጠየቅ መብቱ አይቀርም። እኔ ምን ፈለግኩ? አንድ ሰው ጠየቅኩ።

ስለዚህ ከሱብሒ በኋላ ቀን ሠራተኞች ወደሚቆሙበት መንገድ ዳር መውጣት ጀመርኩ። ይኸው ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ፊቷን በደንብ አላስታውስም፤ አረንጓዴ ሻርፕ ነበራት። ገና ስደርስ ሴቶቹ ከበቡኝ፤ «ሥራ አለ ጋሼ?» አሉ። የለም፣ ሰው ፈልጌ ነው አልኳቸው። «ስሟ ማነው?» አለችኝ አንዷ።

በደብተሩ መጨረሻ አዲስ ገጽ ከፍቻለሁ። ከላይ «ያለብኝ» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ለስም የሚሆን ቦታ ትቻለሁ።