በትእዛዝ የተለመደ ቋንቋ

አቀስታ ውስጥ ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው ጥራ ብትባል ማንን ትጠራለህ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ። ሳያመነቱ የሚጠሩልኝ አንድ አዛውንት ሸህ ነው። ልክ ናቸው። ሸሁ በልጅነታቸው ከቤት ወጥተው፣ ደረሳ ሆነው፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው በእግራቸው እየዞሩ ነሕውና ሰርፉን ተምረዋል፤ አጅሩሚያን ዛሬም በቃላቸው ይወጡታል። ጅዳ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የመጣችውን፣ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ቡና የምታፈላውን ልጅ ግን ማንም አይጠራም። እሷም እኮ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት በዓረብኛ ኖራለች። አንዱን "እሷስ?" ብለው፣ "እሷማ ለመደችው እንጂ መቼ ተማረችው" አለኝ።

በ"ተማረ" እና በ"ለመደ" መካከል ያለው ርቀት ሲከነክነኝ ቆይቷል። ሁለቱን የምንለየው በዕውቀቱ መጠን አይመስለኝም፤ በአስተማሪው ነው። መጽሐፍ ይዞ ፊት ለፊትህ የተቀመጠ ሰው ካለ ተምረሃል። እየጮኸ የሚያዝህ ከነበረ ለምደሃል። በሬም ቀንበር ይለምዳል።

እስቲ ልጅቱ እንዴት እንደለመደችው እንይ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማዳም "ጂቢ! ጂቢ!" እያለች ስትጮህ ግቢው ውስጥ ጅብ የገባ ነበር የመሰላት። "ጂቢ" ለካ "አምጪ" ነው። "ሞያ" ሲሏት ደግሞ ሙያዋን የጠየቋት መስሏት፣ ወጥ መሥራት እንደምትችል በእጇ ምልክት ስታስረዳ ቆየች፤ የፈለጉት ግን ውኃ ነበር። አንድ ቀን በአማርኛ "ከልቤ ነው!" ብላ ስትምል የቤቱ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። "ከልቢ" በእነሱ "ውሻዬ" ማለት ነው። አማርኛና ዓረብኛ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ቤት "በይት"፣ ራስ "ረእስ"፣ ዓይን ያው ዓይን ነው። ዘመድ ቋንቋ ግን እንደ ዘመድ ሰው ነው፤ የሚረዳህም የሚያሳስትህም ባላሰብከው ቦታ ነው። ወሎዬ ደግሞ ሳያውቀው ዓረብኛ እየቀላቀለ ነው የሚያድገው፤ ዱዓው፣ ሐድራው፣ የቡናው በረካ ከአፉ አይጠፉም። ሸህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ የወሎ ሊቃውንት መንዙማቸውን በአማርኛ ቋንቋ፣ በዓረብ ፊደል ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ዝምድና ማዳም ፊት ብዙም አልጠቀማትም።

መጀመሪያ የያዘቻቸውን ቃላት ቁጠሪልኝ ብላት እንዲህ አለች፦ ጂቢ፣ ሩሂ፣ ተዓሊ፣ ሺሊ፣ ነዲፊ። አምጪ፣ ሂጂ፣ ነይ፣ አንሺ፣ አጽጂ። ሁሉም ትእዛዝ፣ ሁሉም ለሴት። ዓረብኛም እንደኛው "ና" እና "ነይ" ይለያል። እሷን ግን "ና" የሚላት ስለሌለ፣ ከዓመት በላይ የቤቱን ሽማግሌ "ነይ፣ ምሳ ደርሷል" እያለች ስትጠራ ኖረች። ይሄ የእሷ ብቻ ጉድ አይደለም። ፊዳ ቢዝሪ የተባለች የቋንቋ ምሁር የስሪላንካ የቤት ሠራተኞችና የሊባኖስ እመቤቶቻቸው የሚግባቡበትን ዓረብኛ አጥንታ በ2010 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትማለች፤ ቋንቋውን "ፒጂን ማዳም" ብላዋለች። ሠራተኛዋ ቀን ከሌት የምትሰማው ትእዛዝ ስለሆነ፣ ስለ ራሷ ስትናገርም የምትይዘው የትእዛዙን ቅርጽ ነው። በአማርኛ ብናስበው "እኔ ሄድኩ" ለማለት "እኔ ሂጂ" እንደማለት ነው።

"እኔ ሂጂ"። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታዛዧም አዛዧም አሉ። ሰው ስለ ራሱ በሌላ ሰው ጩኸት ሲናገር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

በሰባተኛው ወር ግን ልጅቱ ማንም ያላላትን ዓረፍተ ነገር ሠራች። "ፌን" የሚለውን ቃል በየቀኑ ትሰማዋለች፤ ፌን ቁልፉ፣ ፌን ሸሚዙ፣ የት አለ ማለት ነው። "ራቲብ" የሚለውን ደግሞ እመቤቲቱ በስልክ ስታወራ ቃርማለች፤ ደመወዝ ነው። ሌሊቱን ሁለቱን አጋጠመቻቸውና ጠዋት ቁርስ እያቀረበች "ፌን ራቲቢ?" አለች። ደመወዜ የት አለ? ማዳም ሻይዋን አስቀምጣ ለጥቂት ጊዜ አየቻትና፣ "ማን አስተማረሽ?" አለቻት።

ልብ በሉ፣ "ተማረች" የሚለውን ቃል ለዚህች ልጅ የሰጣት የመጀመሪያው ሰው ማዳም ናት፤ ያውም ደንግጣ። የአገሯ ሰው እስከ ዛሬ የነፈጋትን።

እኔ ቋንቋ መቻልን የምለካው በዚህች ጠዋት ነው። ስትታዘዝ መረዳት የቋንቋው ደጃፍ ነው። ያልተባልከውን ስትጠይቅ ወይም "ማ አብጋ"፣ አልፈልግም፣ ስትል ነው ወደ ውስጥ የገባኸው። ስድስት መቶ የዕቃ ስም የሚያውቅና እምቢ ማለት የማይችል ሰው ቋንቋውን አላወቀውም፤ ቋንቋው ነው እሱን የሚያውቀው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳጫውተው ተቆጣ። "ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ በሩ ተቆልፎ፣ የዓረብኛ ሰዋስው ቢያስተምሯት ምን ትሠራበታለች? የጎደላት ጉልበት እንጂ ቃል አይደለም" አለኝ። ከባድ ነገር ነው የተናገረው። አንዲት ሠራተኛ ከአሠሪዋ ፈቃድ ውጭ ወጥታ ሌላ ቤት ልቀጠር ብትል "ጠፋች" በምትባልበት ሥርዓት፣ የተቆለፈ በር በቃል አይከፈትም። ልጅቱም ብትሆን ያን ጠዋት ደመወዟን አላገኘችም፤ የሁለት ወሩን ያገኘችው ከብዙ ንትርክ በኋላ ነው። ግን "እምቢ" የማይሰማበት ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ቃሉ ያላትና የሌላት ሴት እኩል አይደሉም። ሐኪም ፊት የቀረበች፣ ፖሊስ ፊት የቆመች ዕለት፣ ስለ እሷ የሚናገርላት ማን ነው? ቃሉ ከሌላት የምትናገርላት ያችው ማዳም ናት።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ወደ ወሎ ደጋ የተመለሱትም ጥቂት አልነበሩም። ምን ያህል ብር ይዘው እንደመጡ ሁሉም ሰው ጠየቃቸው። ምን ያህል ቋንቋ ይዘው እንደመጡ የጠየቀ አላየሁም። የእኛዋም ልጅ ከጊዜ በኋላ ሥራ ፍለጋ ቅጽ ስትሞላ "የትምህርት ደረጃ" የሚለው ላይ "8ኛ" ብላ ጽፋ መለሰች።

በእንግሊዝኛስ የተሻልን ነን? ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ያለ ተማሪ ሁሉ ሳይንተባተብ የሚላት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ "ሜይ አይ ጎ አውት፣ ቲቸር?" ልውጣ? ፈቃድ መጠየቂያ። ጂቢን ተማሪ ቤት አስገብተን ዩኒፎርም አለበስናት እንጂ ብዙም አልራቅንም።

ይሄ አገር ግን ሌላ ታሪክም አለው። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ በዛሬው ወሎ ምድር፣ መካነ ሥላሴ ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን ካቶሊካውያኑ ሲባረሩ ተሰደው ሮም ደረሱ። እዚያ በ1649 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ አገኛቸው። በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዟቸው ወደ ጀርመን ሄዱ። አስቡት፤ ስደተኛ ናቸው፤ የሚበሉት የሰው እንጀራ ነው፤ የሚያድሩት በሰው ግንብ ውስጥ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ግን ጥያቄው የሚሄደው ወደ እሳቸው ነበር። ይህን ምን ትሉታላችሁ? ይህስ እንዴት ይረባል? ባለአገሩ ብዕር ይዞ የእንግዳውን አፍ ይጠብቃል። ሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውን በ1661፣ የአማርኛውን በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞተዋል።

ሰውየውን ከማዳም ቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ከበደ ትሉኝ ይሆናል። አንዱ ሊቅ፣ አንዷ የቤት ሠራተኛ። ግን አባ ጎርጎርዮስን ለጎታ ሰዎች ሊቅ ያደረጋቸው ዕውቀታቸው ብቻ ነበር? የሚጠይቅ ሰው በማግኘታቸውም ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅቷን "ይሄን በእናንተ ምን ትሉታላችሁ?" ያላት የቤቱ ትንሹ ልጅ ብቻ ነው። አራት ዓመቱ ነበር። "እንጀራ" ማለት ችሎ ነበር ትላለች፤ እናቱ እስክትሰማው ድረስ።

ሸሁና ልጅቱ አንድ ቀን ቡናው ላይ ተገናኙ። ወሬው ወሬን አንስቶ "ሞያ" ስትል ሰሟት። "ልጄ፣ ይሄማ ዓረብኛ አይደለም፤ ማእ ነው የሚባለው" አሏት በርጋታ።

"አባባ፣ በአንቱኛው ብጠይቅ ኖሮ እኔ በውኃ ጥም አልቄ ነበር" አለች።

ቤቱ ሳቀ። ሸሁ አልሳቁም። ሐጅ የመሄድ ሐሳብ አላቸው፤ ለዓመታት ሲያጠራቅሙ ነው የኖሩት። ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ "እስቲ መካ ገበያ ብገባ፣ 'ይሄ በስንት ነው' እንዴት ልበል?" አሏት። "በካም ሃዳ" አለቻቸው። ደገሙት። አረመቻቸው። እንደገና ደገሙት። ቡናውን ስታንቆረቁር እጇ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ፣ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰና የብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን አዞ ነበር። ብቃት ሲባል የምናስበው ማብሰልና ማጽዳት መቻልን ነው። ደላላውም፣ ቤተሰቡም ለምትሄደው ልጅ "ታዛዥ ሁኚ" ብሎ ነው የሚሸኛት። ጥሩ ምክር ይመስላል። "ደመወዜ"፣ "ፓስፖርቴ"፣ "አሞኛል" የሚሉትን ቃላት ግን ማን ያሲዛታል? እነዚህን ሳናሲዝ የምንሸኛት እኛ፣ ከፊሉን ቁልፍ ከዚሁ የቆለፍነው ነን ባይ ነኝ።

መናኸሪያው አጠገብ አሁን አሁን ያለ ክፍያ የሚሰጥ ትምህርት አለ። ቪዛቸው የደረሰ ልጆች ስልካቸውን ረከቦቱ ጥግ አስቀምጠው ድምጿን ይቀዳሉ። ባለፈው የመጣችው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ከገጠር የወረደች ልጅ ናት። "አና መሪዳ" አሞኛል፣ "ጀዋዚ" ፓስፖርቴ። ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየተሽኮረመመች ትከተላለች። "ፌን ራቲቢ" ላይ ሲደርሱ ድምጿ ጭራሽ ጠፋ።

"አልሰማሁሽም" አለቻት ባለቡናዋ፣ ከሰሉን እያራገበች። "ጮክ በይ እንጂ።"